ትርፌ

ወር ሲሞላ፣ ማታ፣ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲልልን፣
ሙሄ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ደብተር ይዘረጋልን።
የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮቱን ይልሳል፤
እሱ ጣቱን ልሶ ገጽ ይገልጣል፣ ይደምራል፣ ይቀንሳል።
የባንኩ ደብተር ጠርዙ የተላጠ ነው፤
የሸሸን ለት ሙሄ ሸሚዙ ውስጥ ይዞት፣ በላብ የራሰ ነው።

«የረምላ ትምህርት ቤት፣
የቤት ኪራይ፣ መብራት፣
የአባቴ የዓይን መድኃኒት፣
እድር፣ ዘይት፣ ጤፍ ግማሽ ኩንታል…»
ብዕሩ ቆም ይላል።
«ስኳር ዘለልን እንዴ?»
«ስኳሩማ እኛን ነው የዘለለን» እለዋለሁ።
ይስቃል። እስቃለሁ።

አርባ ሞላኝ ዘንድሮ።
እሱ በሁለት ይበልጠኛል፤
ሽበቱ ጢሙ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ አድሮ።
የአርባ ዓመት ሰው ማለት
ወገቡ ሳይጎብጥ ሽቅብም ቁልቁልም የሚጎትቱት፣
ከላይ ወላጅ፣ ከታች ልጅ የያዙት፣
ሐረጎ ዳገት ላይ እንደ ቆመ አይሱዙ
ወደ ፊት ጉልበቱ፣ ወደ ኋላ ፍሬኑ አልታዘዝ ያሉት።

በሰባ ሰባት ነው የተወለድኩት።
ከኔ በፊት ሦስት ነበሩ፤
እናቴ ስማቸውን አትጠራም።
እኔን «የተረፈችኝ» ብላ ትርፌ አለችኝ።
ሙሄ ነጋዴ ነው፤
ስሜን የወደደው በሌላ ትርጉሙ ነው።

እናቴ ዛሬም አልጋዋ ሥር
አንድ ጣሳ ሽምብራ ታኖራለች።
«እማ፣ ብሩን ባንክ እናስገባልሽ» ስላት፣
«ክፉ ቀን ሲመጣ ብርም እኮ ይከሳል» ትላለች።
እውነቷን ነው።
አምና ጀሪካን ሙሉ ዘይት ያሸከመኝ ብር
ዘንድሮ ክዳኑን ያሸትተኛል።

ስለዚህ እቁብ ገባን። ሰላሳ ሰው፣ እሁድ እሁድ፣
ሸዋ በር፣ ከጋሽ አራጋው ሱቅ በረንዳ ላይ።
ሐሳባችን ጣራ ነው፤
ገራዶ የቆመው ግንባችን ቆርቆሮ ሲጠብቅ
ሦስት ክረምት ሣር አበቀለ፣ አናቱ ላይ።

እሁድ ዕጣው ወጣ። «አሥራ ሰባት!» እኔ ነኝ።
እልል አሉልኝ።
ያልገዛሁት ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ።

ሽታዬ ግን አላጨበጨበችም።
የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ መሬት መሬት ታያለች።
ባሏ ቦሩ ሜዳ ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱ።
አልለመነችኝም።
ብትለምነኝ እምቢ እል ነበር።

«ለሷ ይሁን» ያለው ምላሴ ነው፤ እኔ አይደለሁም።
ጋሽ አራጋው ሁለቴ ጠየቁኝ፤
ሁለቴም ቃሌን አላጠፍኩም።

ዳገቱን ስወጣ በየእርምጃው ቆጠርኩ፦
ሚስማሩን፣ ማገሩን፣ የአናጢውን ቀብድ፣
የቆርቆሮው ዋጋ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ የኔ ጉልበት ሲወርድ።
ደግ ነኝ እንዳልል ሆዴ ይቃጠላል፤
ክፉ ነኝ እንዳልል ምላሴ ቀድሞኛል።

ሙሄ ሰማኝ። ብዙ ዝም አለ።
መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ።
«የሷ ሲወጣ ያንቺ ነው ማለት ነው?»
«አዎ።»
«መቼ ነው የሚወጣው?»
«ዕጣ አይደል እንዴ!»
«ጣራውስ?»
«ሰማይ አለ» አልኩት። መቀለዴ ነበር።
አልሳቀልኝም።

ከዚያ ብዕሩን ትቶ የረምላን እርሳስ አነሳ።
«ቀሪ ሂሳብ» ከሚለው ግርጌ
«ሽታዬ፣ አንድ ዕጣ» ብሎ ጻፈና
ላጲሱን እዚያው አጠገቡ አኖረው።

መብራት አጠፋን።
ውጭ ካፊያ ጀምሯል፤ የአከራያችን ጣራ ይንኳኳል።
እንቅልፍ እንዳልወሰደው አውቃለሁ።
«ትርፌ» አለኝ በጨለማው ውስጥ።

በየትኛው ትርጉሙ እንደ ጠራኝ
አልጠየቅኩትም።